የግራ እጅጌ

ክረምት ሲገባ ልጆቼ ሁለቱም በአንድ ቀን ደግ ሆኑ።

ደግ ልጅ ማን ይጠላል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ጠላሁ። ሴቷ ልጄ ኤቢሴ ከእኔው ጋር ነው የምትኖረው፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ስጠራት ከስልኳ ቀና ሳትል «ምንድነው ደግሞ» ነበር መልሷ። ድንገት «ወዬ እማዬ» እያለች ሮጣ መምጣት ጀመረች። ወንዱ ልጄ ማናሴ አዳሚ ቱሉ በእርሻ ምርምር ይሠራል። ለፋሲካና ለአዲስ ዓመት ብቻ ነበር የሚመጣው፤ መጥቶም ስለ መንገዱ መጨናነቅ አውርቶ ይሄዳል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የዝዋይ ዓሣ አንጠልጥሎ ከች ይላል። እኔ ዓሣ አልወድም። እሱ ከመወለዱ በፊትም አልወድም ነበር። ደግ ሰው ግን አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ያመጣል።

አንድ ቅዳሜ ልፈትናቸው ብዬ ዘንድሮ ሶደሬ ወርጄ ዋና እማራለሁ አልኳቸው። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ እጮኻለሁ፣ ይህንንም አሳምረው ያውቃሉ። ሁለቱ ተያዩና በአንድ አፍ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው እማዬ» አሉኝ። የምሞት መሆኔን ያረጋገጥኩት በዚያን ሰዓት ነው።

ጥርጣሬው ቀደም ብሎም ነበር። ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት ካየ በኋላ ከእኔ ጋር ስለ አዳማ ሙቀት ሲያወራ ቆየና ማናሴን ወደ ኮሪደር ጠራው። ማናሴ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ትንሽ እጢ ናት፣ በመድኃኒት ትሟሽሻለች አለኝ። ሞኝ። ይህንን ውሸት እኮ ከእሱ በፊት የለበስኩት እኔ ነኝ። አባታቸው ወዬሳ ጉበቱን ሲታመም ሐኪሙ ኮሪደር ላይ የጠራው እኔን ነበር፤ ጨጓራ ነው ብዬ ሰባት ወር ዋሸሁት። ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ እድርተኛውን ሁሉ አስጠነቀቅሁ። ከእሱ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ ደጋግሞ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይጀምርና እኔ «ስትድን ታወራኛለህ» እያልኩ አፉን አስይዘው ነበር። ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጆቼን ንቄያቸው ነበር፤ ለዚያ ነገር ግን ከእነሱ ይልቅ ራሴን እንቃለሁ።

ከሁሉም የከፋው እጄ ነበር። በሽታው ከግራ ጡቴ ተነስቶ ብብቴ ሥር ገባና ግራ እጄ ከሐምሌ ጀምሮ አብጦ የቀኙን እጥፍ አከለ። ያሉኝ ቀሚሶች ሁሉ በግራ በኩል ያንቁኛል። ሳወልቃቸው ስፌቱ ቆዳዬ ላይ ታትሞ ይቀራል። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። በአንድ እጅ ግን ስፌት የለም። ልጆቼ ጭማቂ ሲያጠጡኝ፣ ትራስ ሲያስተካክሉልኝ፣ ፊቴን እያዩ ሲስቁልኝ ይውላሉ፤ ዓይናቸው ወደ እጄ ሲወርድ ግን ነጠላ ጣል ያደርጉበታል። እኔም አልነገርኳቸውም። እጄን ካነሳሁ በሽታውን ማንሳቴ ነው፣ በሽታውን ካነሳሁ ደግሞ ያን ሁሉ ድራማቸውን ማፍረሴ ነው። ደግሞም እዩኝ ብዬ አልለምንም።

አሁን ስለ በድሪያ ልንገራችሁ።

ገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ነበረን፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የበድሪያ። በድሪያ የወሎ ሰው ናት። ሰው ሲስቅ የምትኮሳተር፣ ሰው ሲያለቅስ «ንፍጥሽን ጥረጊ» የምትል ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፋን። በሱቃችን አንድ ሕግ ነበር፤ አንዷ የሰፋችውን ሌላዋ አትተረትርም። ጉድለት ያየች ትናገራለች፣ የምትተረትረው ግን የሰፋችው ራሷ ናት። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔው ነኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሃም የምትባል የደራ ልጅ የኒካህ ቀሚስ አዘዘች። በድሪያ ከነጭ ሳቲን ሰፋችላት። ሊወስዱት በመጡበት ጠዋት በድሪያ አልነበረችም። ቀሚሱን መስቀያው ላይ ሳየው ግራ እጅጌው ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። ዓይኔን አላመንኩም። እንዲህ ያለ ስሕተት ትናንት መርፌ የያዘች ልጅም አትሠራው። ቶሎ ብዬ ተረተርኩት፣ ከቀኙ እኩል አድርጌ መልሼ ገጠምኩት፣ ተኩሼ ሰጠኋቸው። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሕተት ስፈልግባት ኖሬያለሁ።

በድሪያ ሠርጉ ላይ ተጠርታ ነበርና እዚያ አየችው። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ገብታ ሳትቀመጥ እጅጌውን ነካሽው ወይ አለችኝ። አስተካከልኩት፣ ጠማማ ነበር አልኳት። ለምን አልጠየቅሽኝም አለች። ጠማማ ለማየት የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም ብዬ መለስኩላት። በዚያው ቀን መኪናዋን በጋሪ አስጭና ወጣች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እኔ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ። ወዬሳ የሞተ ጊዜ ለቅሶ መጥታ ድንኳኑ ዳር ተቀመጠች፤ አለቀሰች፣ ወደ እኔ ዞር ሳትል ሄደች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የልጆቼ ብልሃት ጣራ ነካ። ታማሚ ከጠበኛው ሳይታረቅ አይሂድ ብለው ሽማግሌ ላኩ። አያችሁ ጉዳቸውን? ሞቴን ሊደብቁኝ ፈልገው የሚሞት ሰው ቤት የሚላከውን ሁሉ ላኩብኝ። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኪዳነወልድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ፤ ከኋላቸው በድሪያ ጥቁር ጅልባቧን ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ይህን አይቶ ቀኑ መድረሱን የማያውቅ በሽተኛ ካለ፣ የታመመው ጭንቅላቱን መሆን አለበት።

አቶ ኪዳነወልድ ረጅም ንግግር አደረጉ። ምንም የተለየ ምክንያት እንደሌለ፣ እንዲያው አዲሱን ዓመት ንጹሕ ሆነን እንድንቀበል ብቻ እንደመጡ ሦስት ጊዜ ተናገሩ። ሦስት ጊዜ ባይናገሩት ኖሮ ምናልባት መሞቴን እጠራጠር ነበር። ከዚያ እኔን ይቅር በይ አሉኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ፣ እንደ ምራቅ ተፍቼ። ወደ በድሪያ ዞሩ።

«አፉ አልልም» አለች በድሪያ።

አቶ ኪዳነወልድ ባርኔጣቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ስንመጣ ልትሞት ነው አላችሁኝ። እሺ፣ ሁላችንም እንሞታለን። እጅጌዬ ግን ጠማማ አልነበረም። እሷ ስለምትሞት ጠማማ አይሆንም።»

ኤቢሴ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ሳቅ ያዘኝ። ደረቴ እስኪያመኝ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያ ሁሉ ጠያቂ በአንድ ኪሎ ብርቱካን ሊገዛልኝ ያልቻለውን ነገር ይህች ኮስታራ በአንድ አፍታ ሰጠችኝ። ስስቅ ነጠላው ከእጄ ላይ ወደቀ። በድሪያ አየችው። ተነስታ መጣችና እጅጌውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ሳበችው።

«ይሄ እያነቀሽ እኮ ነው» አለች። ለሽምግልና መቀስ ይዞ የሚሄድ ሰው እሷን ብቻ አይቻለሁ። ከቦርሳዋ አወጣችና በሦስቱም ሽማግሌዎች ፊት ስፌቱን ከእጅ አንጓዬ እስከ ብብቴ ተረተረችው። እጄ ተነፈሰ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ንፍጥሽን ጥረጊ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትመጣ ጀመር። እንዴት አደርሽ አትልም፤ ፊቴን አይታ ዛሬ ብሶብሻል ወይም ዛሬ ይሻላል ትላለች፣ ልክ ናት ደግሞ። ሐኪሙ ለልጆችሽ ጥምቀትን አታይም ብሏቸዋል፣ እነሱ ናቸው የነገሩኝ አለችኝ። ጣቴን እጥፍ አድርጌ ቆጠርኩ። አምስት ወር አይሞላም። የሚገርመው አልደነገጥኩም፤ ከእኔ ተደብቆ የኖረ የራሴ ዕቃ የተመለሰልኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀጥለን ስለ እጅጌው ተጨቃጨቅን። ጠማማ ነበር እላለሁ፣ አልነበረም ትላለች። ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማ እማዬን አታድክሚያት ብትላት በድሪያ ዞራ እንኳ አላየቻትም።

ሰው ሞቱን ሲያውቅ ልቡ ይለሰልሳል ይላሉ። የእኔ አልለሰለሰም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህች ሴት ከመሞቴ በፊት ጠማማ ነበር ብላ እንድታምንልኝ። አሸንፌ መሞት። ግን ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ፣ ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም እንጂ። ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ የምውለው ሰዓት ብቻ ነበር የእኔ ሰዓት የሚመስለኝ። የቀረውን ሌሎች በእኔ ስም ይኖሩት ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሰሞን፣ ጭቅጭቁ ሲሰለቸን፣ ቀሚሱ ይኖራል ወይ አልኳት። ሲሃም ደራ ናት፣ ቀሚሱም አላት አለች በድሪያ። እንግዲያው ሄደን እንየው አልኳት። ለኤቢሴ ከበድሪያ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ነው አልኳት። በድሪያ ጅልባቧን እንደለበሰች አጠገቤ ቆማለች። ልጄ አየችን፣ ፈገግ አለችና «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው እማዬ» አለችኝ።

በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ። ተሳፋሪው ነጠላዬንና የጎደጎደ ጉንጬን አይቶ ፊት ወንበር ለቀቀልኝ፤ አንድ ሽማግሌ «ነጋ ጂርታ» ብለው ስለ ጤናዬ ሲጠይቁኝ በድሪያ ከኋላ ሆና «ካንሰር ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው አዋሽን እስክንሻገር በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። መንገዱ ያንገጫግጫል። ባንገጫገጨን ቁጥር እጄን በሁለት እጇ ደግፋ ትይዝልኛለች፣ ይህን ስታደርግም የምትሰድበኝን ስድብ አላቋረጠችም።

ሲሃም ደራ ገበያ ዳር የእህል ሱቅ አላት። ሦስት ወልዳ ወፈር ብላለች። ሁለታችንን አንድ ላይ ስታይ እጇ ላይ የነበረውን ስፍር ጤፍ መልሳ ጆንያው ውስጥ ደፋችው። እማማ በድሪያ፣ እትዬ ዘርፉ፣ በሰላም ነው አለች። በድሪያ በሰላም አይደለም፣ የኒካሁን ቀሚስ አምጪ አለቻት። ሱቁን ዘግታ ከኋላ ወዳለው ቤቷ አስገባችንና ከሳጥን ውስጥ በአንሶላ የተጠቀለለውን ቀሚስ አወጣች።

ሳቲን ክፉ ጨርቅ ነው፤ መርፌ የገባበትን አይረሳም። ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። የእኔ ስፌት ከላይ፣ የበድሪያ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች ከሥሩ አንድ ጣት ዝቅ ብለው ተደርድረዋል። ጥርት ያለ መስመር ነው፣ ግን ዝቅ ያለ ነው። «ይኸው» አልኳት። አፌን ሞልቼ። «ይኸው በዓይንሽ እይው።»

በድሪያ ቀሚሱን አላየችም። «ሲሃም፣ ሻርብሽን አንሺና ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለች።

ሲሃም ቆመች። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ያለ ነው። ልጅ ሆኜ ከጋሪ ወድቄ አጥንቴ ተሰብሮ ነው፣ በወጌሻ ታሽቶ እንዲህ ሆኖ ገጠመ አለች፣ ምን እንደምንፈልግ ሳይገባት። በድሪያ ቀሚሱን አንስታ ትከሻዋ ላይ ደገፈችው። በድሮዎቹ ቀዳዳዎች በኩል ሲይዙት ሁለቱ እጅጌዎች እኩል ይወርዳሉ። በእኔ ስፌት በኩል ሲይዙት ግራው ተቆልሎ አንገቷ ሥር ይገባል።

ግድግዳው ላይ የሠርጓ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አራት ናቸው። በአራቱም ሙሽራዋ በቀኝ እጇ ግራ ትከሻዋን ይዛ ወደ ታች ትጎትታለች። ሲሃም የማየውን አይታ ሳቀች። «ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ሲሄድብኝ ነው የዋለው» አለች። «ከሠርጌ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።»

እኔ ጨርቁን ነበር ያየሁት። ልጅቷ ሱቃችን ሦስት ጊዜ መጥታ ተለክታ ሄዳለች፣ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየኋትም። በድሪያ አይታታለች። ማንም ሳያውቅባት፣ ማንም እንዳያውቅባት ብላ በአንድ ጣት ደብቃላት ነበር፤ እኔ ገለጥኩባት። ዘጠኝ ዓመት በድሪያን ለሰው ሁሉ ጠማማ ሰፊ ናት ስትል የኖረች ሴት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ሲሃምን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደሆነ በድሪያ አስረዳቻት።

ስንመለስ አዋሽ ድልድይ ላይ ደረስን።

«የሰፋሽው ልክ ነበር» አልኳት።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ንፍጥሽን ጥረጊ» አልኳት። እጇን ግን ያዝኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ትርፍ ጨርቅ ቆርጠን ጥለናል፣ አሁን የቀረንን አምስት ወር እንኳ የማይሞላ ነገር እንደ ሐር እንለካለን። ተቃጠልኩ። መሞቴን ካወቅሁ ወዲህ በእውነት ያዘንኩት በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

በማግስቱ በድሪያ ሜትሯን ይዛ መጣች። ለዕንቁጣጣሽ ቀሚስ እሰፋልሻለሁ አለች እንጂ ልስፋልሽ ወይ አላለችም። ቀኝ እጄን ለካች፣ ግራውን ለብቻው ለካች፣ ሁለቱንም ቁጥር ጮክ ብላ ተናገረች። ኤቢሴ እዚያው ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች።

ቀሚሱ ጳጉሜን ላይ ደረሰ። ሰማያዊ ጥጥ ነው። ኤቢሴ ከፌስታሉ አውጥታ ዘረጋችውና ፊቷ ተለወጠ። ያንን ለሕመምተኛ የምታወጣውን ድምፅ አውጥታ እማዬ፣ እትዬ በድሪያ ተሳስታለች፣ ግራው እጅጌ እጥፍ ሰፍቷል፣ ወስጄ ላስጠብበው አለች።

«አትንኪው» አልኳት። «ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ነጠላዬን ገፈፍኩና ግራ እጄን አንስቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ከባድ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ የድሮ ቀሚሶቼ ስፌት መስመር መስመር ሆኖ ጠቁሮበታል።

«እይው» አልኳት።

ዓይኗን ልታሸሽ ነበር፣ አገጯን ይዤ መለስኩት። አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን በጠቆረው መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደች።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጮኸችብኝ። እንደ ድሮዋ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሲያንቅሽ አፍ የለሽም?»

«አልጠየቅሽኝም» አልኳት። «ሐኪሙ ምን አለ?»

አላመለጠችም። እጄን እንደያዘች «ጥምቀትን አታይም አለ» አለችኝ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ አላነሳችውም። አለቀሰች፤ አለቀስኩ። ከዚያ አባቷ ያውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሳያውቅ እንዳልቀረና አንድ ነገር ሊነግረኝ ሲል አፉን እንዳስያዝኩት ነገርኳት። ማታለሉ የተጀመረው ከእኔ እንደሆነም ነገርኳት። የመከረ አልነበረም፣ ያጽናና አልነበረም። እንዲሁ ተቀምጠን አወራን፤ የምሳ ሰዓት አለፈ።

ስንጨርስ ቀሚሱን አለበሰችኝ። ግራ እጄ ሳይነካ ገባ። መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት፤ አንዱ እጅጌ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ ለሚያየው ሰው ጠማማ ነው። እጅግ ያማረ ስፌት ነው።

ማናሴ ቅዳሜ ይመጣል። ዓሣውን ያስቀምጥና እጄን ያየዋል።